ቀስ በቀስ እንቁላል፦ «መካን» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ያለ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ

«ውለዱ፣ ክበዱ» ይላሉ ሽማግሌዎቻችን ሙሽሮችን ሲመርቁ። ምርቃቱ አጭር ነው፤ የሚያሸክመው ሸክም ግን ረጅም ነው። ድግሱ ተበልቶ፣ መልሱና ቅልቅሉ አልፎ፣ ዓመት ሲሞላ የዘመድ ዓይን ከሙሽራዪቱ ፊት ወደ ሆዷ ይወርዳል። በሁለተኛው ዓመት «ምነው ዝም አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በሦስተኛው ዓመት ጥያቄው ቀርቶ ሹክሹክታ ይተካል። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል በቤቱ ደጃፍ ላይ ትለጠፋለች፤ «መካን» የምትል። ይህች ቃል ለባል እምብዛም አትነገርም። የምትነገረው ለሚስት ነው።

ለመሆኑ «መካን» ማለት ምን ማለት ነው? የበሽታ ስም አይደለም። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። የትኛው የአካል ክፍል፣ በምን ምክንያት፣ ለምን ያህል ጊዜ ሥራውን እንዳቆመ ቃሉ አይነግረንም። ልዩ ልዩ ሕመሞችን በአንድ አስፈሪ ስም ጠቅልሎ መጥራት በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ልጆቿ እየተወለዱ የሚሞቱባት እናት «ሾተላይ ናት» ትባል እንደነበር እናስታውሳለን። ከዚያ ስም ሥር ከተሸፈኑት ምክንያቶች አንዱ የእናትና የፅንስ ደም በአር ኤች አለመጣጣም መሆኑ ታወቀ፤ መከላከያ መርፌውም በ1968 በአሜሪካ ተፈቀደ። መርፌው በተገኘበት ቦታ ሁሉ እርግማን ይባል የነበረው ነገር በወቅቱ ሊከላከሉት የሚቻል ችግር ሆነ።

«መካን» የሚለውም ቃል እንዲሁ ብዙ በር ያለው ቤት ነው። ይህ ጽሑፍ ከበሮቹ አንዱን ብቻ ከፍቶ ይመለከታል። ሐኪሞች «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም» ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደገለጸው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ መቶ ሴቶች መካከል ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት አለባቸው፤ ካለባቸውም ውስጥ እስከ 70 ከመቶ የሚደርሱት እንዳለባቸው አያውቁም። ወር ጠብቆ የማይመጣ የወር አበባ፣ በአገጭና በደረት ላይ የሚበቅል ፀጉር፣ የማይለቅ ብጉር፣ በብዙዎቹም ላይ የሰውነት መወፈር ምልክቶቹ ናቸው። እንቁላል በወቅቱ ባለመለቀቁ ምክንያት ለሚመጣ የእርግዝና መዘግየት ቀዳሚው መንስኤ ይኸው ነው። መዘግየት ማለታችንን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ያለው በዚህች ቃል ላይ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእርግብ እንቁላል የመሰሉት

ታሪኩ በጽሑፍ ላይ የሚጀምረው በጣሊያን አገር ነው። በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ በ1721 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት መራባት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት ወጣት ባለትዳር ገበሬ ነገር ይገኛል። መጠነኛ ውፍረት ያላት፣ ያልወለደች ሴት ነበረች። ኦቫሪዎቿ፣ ማለትም በማህፀን ግራና ቀኝ ሆነው የሴትን እንቁላል የሚይዙትና የሚያበስሉት ሁለቱ ዕጢዎች፣ ከተለመደው መጠን በላይ ያደጉ፣ ወጣ ገባ ያላቸው፣ የሚያብረቀርቁና ነጣ ያሉ፣ የእርግብ እንቁላል የሚመስሉ መሆናቸውን ጻፈ።

ቫሊስኔሪ ያየውን ጻፈ እንጂ ያየው ምን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም ነበር። የኔዘርላንዱ ሬኝየር ደ ግራፍ በኦቫሪ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ከረጢቶች የገለጸው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1672 ቢሆንም፣ በከረጢቱ ውስጥ የምትቀመጠውን እውነተኛይቱን የአጥቢ እንስሳ እንቁላል ካርል ኤርንስት ፎን ቤር በአጉሊ መነፅር እስኪያያት ድረስ ዓለም እስከ 1827 መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የፓዱዋው ሊቅ የእንቁላሉን ቤት አየ፤ እንቁላሉ ግን ከእሱ ዘመን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚገኝ ነገር ነበር። በ1844 ፈረንሳዊው ሼሮ ተመሳሳይ ለውጥ ያለባቸውን ኦቫሪዎች ገለጸ። ነገሩ ግን ከሐኪሞች ጉጉት አልፎ ለሴቶቹ የሚፈይደው ነገር ሳይኖር ሌላ መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃረበ።

ሰባቱ የቺካጎ ሴቶች

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ ማይክል ሪስ በሚባል ሆስፒታል ውስጥ ነው። ኧርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ ሁለት የማህፀን ሐኪሞች የወር አበባቸው ከቀረና ልጅ መፀነስ ካልቻሉ ሴቶች ጋር ይገናኛሉ። በዚያን ጊዜ አልትራሳውንድ የሚባል ነገር የለም። ስታይን ግን በሆድ ዕቃ ውስጥ ጋዝ በማስገባት የኦቫሪን ጥላ በኤክስሬይ የማየት ዘዴ ይጠቀም ነበር። በዚህ መንገድ ሲታዩ የእነዚያ ሴቶች ኦቫሪዎች አብጠው ተገኙ።

ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለማወቅ ብለው ከኦቫሪው ላይ ትንሽ ናሙና ይቆርጣሉ። ከዚያ በኋላ ያልጠበቁት ነገር መጣ። ለምርመራ ብቻ የተቆረጠባቸው ሴቶች የወር አበባቸው ተመለሰ! ለማወቅ የተደረገው ነገር ለማዳን ሆነ ማለት ነው። ስታይንና ሌቨንታልም «ትንሹ ይህን ካደረገ ብዙው ምን ያደርግ ይሆን?» ያሉ ይመስል ከእያንዳንዱ ኦቫሪ ላይ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን በሽብልቅ ቅርጽ ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። በ1935 ያሳተሙት ጽሑፍ የሰባት ሴቶችን ታሪክ ይዞ ነበር። የወር አበባቸው በሰባቱም ላይ ተመለሰ፤ ሁለቱ ፀነሱ። ሕመሙም ለብዙ ዓመታት «የስታይን–ሌቨንታል በሽታ» እየተባለ በሁለቱ ሐኪሞች ስም ተጠራ።

ሰባት ሰው ብዙ አይደለም። ቢሆንም «መካን» በሚለው ግድግዳ ላይ የመጀመሪያው ስንጥቅ የታየው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሁለት ሴቶች የፀነሱት አዲስ ማህፀን ተሰጥቷቸው አይደለም፤ አዲስ እንቁላልም አልተጨመረላቸውም። ሁሉም ነገር ቀድሞውኑ በውስጣቸው ነበር። የጎደለው እንቁላሉ በጊዜው መውጣቱ ብቻ ነበር።

ሕክምናው ያስከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። ሆድን ቀዶ ኦቫሪን መቁረጥ ጠባሳ ያስከትላል፤ ጠባሳውም ኦቫሪውን ከአካባቢው ጋር ያጣብቀዋል፤ የእንቁላሉንም ቱቦ ሊይዘው ይችላል። ልጅ ፈልጋ በቢላዋ ሥር ከተኛችው ሴት መካከል የወር አበባዋ ተመልሶላት፣ በጠባሳው ምክንያት ግን እንቁላሏ መንገድ ያጣባት ነበረች። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ተዘጋ ማለት ነው። ቆይቶ በ1984 የኖርዌዩ ሐኪም ሃልቮር ዮነስ በጠባብ ቀዳዳ በሚገባ መሣሪያ ኦቫሪውን በጥቂት ቦታ ብቻ በኤሌክትሪክ የመተኮስን ዘዴ አስተዋወቀ፤ ትልቁ ቀዶ ሕክምናም ወደ ኋላ ቀረ።

ከረጢቶቹ በሽታ አይደሉም

ስታይንና ሌቨንታል የኦቫሪው ሽፋን በመወፈሩና ከረጢቶቹ በመጨናነቃቸው እንቁላሉ መውጫ አጣ ብለው ያምኑ ነበር። ሕክምናው ሠራ፤ ማብራሪያው ግን ስህተት ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን የነገሩን አሠራር እንመልከት፤ የቀረውን ታሪክ ለመረዳት ያስፈልገናልና።

በጤናማ ወር ውስጥ በአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ የሚባለው ዕጢ ሁለት መልእክተኛ ሆርሞኖችን ወደ ኦቫሪ ይልካል። በመልእክታቸው ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ከሁሉም ይቀድማል፤ ሌሎቹ ይከስማሉ። ቀዳሚው ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይፈነዳና እንቁላሉን ይለቃል። ይህ ሕመም ባለባት ሴት ላይ ግን ሩጫው ይጀመራል እንጂ አሸናፊ አይገኝም። ከረጢቶቹ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሲደርሱ ይቆማሉ። በኦቫሪው ዳር ዳር ተደርድረው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ «ሲስት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል፤ እነዚህ ተቆርጠው መውጣት ያለባቸው ዕባጮች አይደሉም፤ ዕድገታቸው መንገድ ላይ የቆመባቸው እንቁላል ያዘሉ ከረጢቶች ናቸው።

ለምን ቆሙ? አንደኛ፣ ከሁለቱ መልእክተኞች አንዱ በዝቶ ሌላው ስላነሰ ነው። ሁለተኛ፣ ኦቫሪው በተለምዶ የወንድ ሆርሞን የሚባለውን፣ በማንኛዋም ሴት አካል ውስጥ በመጠኑ የሚገኘውን አንድሮጅን ከልክ በላይ ስለሚያመርት ነው። አገጭ ላይ ፀጉር የሚያበቅለውም ይኸው ሆርሞን ነው። ለዚህም ነው የቺካጎው ቢላዋ የሠራው፤ አንድሮጅኑን የሚያመርተው ሥጋ ተቀነሰ፣ ሚዛኑም ለጊዜው ተስተካከለ። ሦስተኛ ምክንያት ደግሞ አለ። እሱን ለማግኘት ዓለም ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀበት፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ክኒኑና መነኮሳቱ

በ1956 ሲንሲናቲ በሚገኘው የሜረል መድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ክሎሚፊን የሚባል ቅመም ተሠራ። በአይጦች ላይ ሲሞከር መራባትን የሚከለክል ሆኖ ታየ። ነገር ግን በጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ በኦገስታ ከተማ ይሠራ የነበረው ሮበርት ግሪንብላትና ባልደረቦቹ በ1961 ያሳተሙት ጽሑፍ የተገላቢጦሹን ተናገረ። የወር አበባቸው በቀረ ሴቶች ላይ መድኃኒቱ እንቁላል ያስለቅቃል! ክሎሚፊን በ1967 በአሜሪካ ለአገልግሎት ተፈቀደ።

የአሠራሩ ነገር ብልሃት የተሞላበት ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን አንጎል ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ክሎሚፊን ቀድሞ ይይዝበታል። አንጎልም «ኤስትሮጅን ጎደለ» ብሎ ይደነግጥና ለኦቫሪው የሚልከውን ትእዛዝ ያበረታል። በወሩ መጀመሪያ አካባቢ ለአምስት ቀናት በሚዋጥ ክኒን፣ ያለ ቢላዋና ያለ ጠባሳ፣ እንቁላል ሲለቀቅ ታየ። መንታ የመፀነስ ዕድልን ከፍ ቢያደርግም ለሚቀጥሉት ሃምሳ ዓመታት የመጀመሪያው ተመራጭ መድኃኒት ሆኖ ቆየ።

በዚያው ዘመን በጣሊያን ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። የሴሮኖ ኩባንያ ኬሚስት ፒየትሮ ዶኒኒ ሆርሞኖቹን ከሽንት ለይቶ ማውጣት ቻለ። የማንን ሽንት? የወር አበባቸው በዕድሜ የተቋረጠ ሴቶችን። በእነዚህ ሴቶች ላይ ኦቫሪው ሥራውን ስላቆመ አንጎል ትእዛዙን ደጋግሞ ይልካል፤ የማይሰማ ሰው ጆሮ ላይ ድምፅን ከፍ አድርጎ እንደ መጣራት ያለ ነው። የተረፈው መልእክተኛ ሆርሞን በሽንት ይወጣል። ብዙ ሽንት በአንድ ቦታ፣ በየዕለቱ፣ ከእርጉዝ ሴት ሽንት ጋር ሳይቀላቀል ለማግኘት ከገዳም የተሻለ ቦታ አልተገኘም። ስለዚህ በዕድሜ የገፉ የጣሊያን ካቶሊክ መነኮሳት ሽንት ተሰበሰበ። ከዚያ የተሠራውን መድኃኒት ብሩኖ ሉነንፌልድ በእስራኤል ለታካሚዎች ሰጠ፤ በ1962 በዚህ ሕክምና የተፀነሰ የመጀመሪያው ሕፃን ተወለደ። ላለመውለድ የተሳሉ ሴቶች ለመውለድ የተሳሉትን ረዱ ማለት ነው።

ይህ መርፌ ኃይለኛ ነው። በተለይ ብዙ ከረጢት በተጠራቀመበት ኦቫሪ ላይ መጠኑ ካልተለካ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊቀሰቅስ ይችላል። መንታና ሦስት መንታ መፀነስ፣ ከዚያም አልፎ የሆድ በውኃ መሞላትና ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊከተል ይችላል። ዛሬም ያለ ቅርብ ክትትል የማይወሰደው ስለዚህ ነው።

በስኳሩ በኩል የመጣው መልስ

አሁን ወደ ሦስተኛው ምክንያት እንመለስ። በ1921 አሻርና ቲየር የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች «የጢማም ሴቶች የስኳር በሽታ» ብለው አንድ ጽሑፍ አውጥተው ነበር። ስሙ የሚያሳፍር ነው፤ የሰጠው ፍንጭ ግን የወርቅ ነበር። የፊት ፀጉርና የስኳር በሽታ በአንዲት ሴት ላይ ለምን አብረው ይገኛሉ? ጥያቄው ለሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ያህል መልስ አጥቶ ቆየ። በ1980 በሜምፊስ፣ ቴነሲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህ የኦቫሪ ሕመም ባለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ የኢንሱሊን መጠን ከፍ ማለቱን፣ ከአንድሮጅኑም ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ማለቱን አሳዩ።

ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባ ሆርሞን ነው። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ለኢንሱሊን ጥሪ ፈጥኖ አይታዘዝም። በዚህ ጊዜ ጣፊያ ሳይሆን ከጨጓራ ኋላ ያለው ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ማምረት ግድ ይለዋል። ጡንቻው ጥሪውን ባይሰማም ኦቫሪው ይሰማል፤ ኢንሱሊን በበዛ ቁጥርም አንድሮጅን አብዝቶ ያመርታል። ስለዚህ ሕመሙ የኦቫሪ ብቻ አልነበረም። ሐኪሞች ለሁለት መቶ ስልሳ ዓመት ኦቫሪውን ሲመለከቱ የነገሩ አንዱ ሥር በመላው ሰውነት ውስጥ ተዘርግቶ ነበር።

ይህ ከታወቀ በኋላ ዣን ስተርን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1957 ለስኳር በሽታ ያስተዋወቀው ሜትፎርሚን ወደዚህ ሜዳ መጣ። በ1994 ከቬኔዝዌላ፣ ከሜሪዳ ከተማ የወጣ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱ ሴቶች የኢንሱሊናቸውና የአንድሮጅናቸው መጠን እንደቀነሰ፣ የወር አበባቸውም እንደተስተካከለ፣ የፀነሱም እንዳሉ ገለጸ። ተስፋው ትልቅ ሆነ። ተስፋ ግን መመዘን አለበት። በ2007 በአሜሪካ በ626 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም ክሎሚፊን ከወሰዱት 22.5 ከመቶ፣ ሜትፎርሚን ብቻ ከወሰዱት 7.2 ከመቶ፣ ሁለቱንም ከወሰዱት 26.8 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወት ያለ ልጅ ወለዱ። ሜትፎርሚን ረዳት እንጂ ብቻውን ዋና ልጅ ሰጪ መድኃኒት አለመሆኑ ታየ።

በዚሁ መንገድ የክብደት ጉዳይ መጣ። ውፍረት ያለባት ሴት ከክብደቷ ከመቶ አምስት እስከ አሥር ያህሉን ብትቀንስ የወር አበባዋ ሊስተካከል፣ እንቁላልም ሊለቀቅ ይችላል። ይህን ስንል ግን ሁለት ነገር መጨመር ይገባል። ቀጫጭን ሴቶችም ይህ ሕመም ይይዛቸዋል፤ «ወፍራም ስለሆነች ነው» ማለት በአንድ ስድብ ፋንታ ሌላ ስድብ መተካት ነው። ደግሞም ከሌላው ሁሉ ይበልጣል ተብሎ የተመሰከረለት ልዩ አመጋገብ የለም። ከውጭ የመጣ ዱቄትና ሻይ መግዛት ግዴታ አይደለም። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው እዚሁ አለ፤ ስኳሩንና ለስላሳ መጠጡን መቀነስ፣ በየዕለቱ በእግር መሄድም ገንዘብ አይጠይቅም።

ከቶሮንቶ የመጣው ክኒን

ሌትሮዞል የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ኤስትሮጅን እንዳይሠራ ያግዳል። በ2001 ሚትዋሊና ካስፐር የተባሉ በቶሮንቶ የሚሠሩ ሁለት ሐኪሞች ይህን ክኒን ለጥቂት ቀናት ብቻ በመስጠት እንቁላል ማስለቀቅ እንደሚቻል አሳዩ። ክሎሚፊን አንጎልን ያታልላል፤ ሌትሮዞል ግን ኤስትሮጅኑን በእርግጥ ለጥቂት ቀን ይቀንሰውና አንጎል እውነተኛ ጉድለት አይቶ ትእዛዙን እንዲያበረታ ያደርጋል። ከዚያም ከሰውነት ቶሎ ይወጣል።

የመጨረሻው ሚዛን በ2014 ተቀመጠ። በ750 ሴቶች ላይ፣ እስከ አምስት ዙር በተደረገ ሕክምና፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 ከመቶ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 ከመቶ ልጅ ወለዱ። ከዚህ በኋላ በ2018 የወጣውና በ2023 የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ሌትሮዞልን በመጀመሪያ ተራ አስቀመጠው። ብዙ አገሮች ውስጥ መድኃኒቱ በይፋ የተመዘገበው ለጡት ካንሰር ስለሆነ ወረቀቱን ያነበበች ሴት ልትደነግጥ ትችላለች፤ ሐኪሟ አስቀድሞ ቢያስረዳት መልካም ነው። እርጉዝ አለመሆኗም ክኒኑን ከመዋጧ በፊት መረጋገጥ አለበት።

27.5 ከመቶ የሚለውን ቁጥር ያየ አንባቢ «ታዲያ ይህ ምን ያህል ነው?» ሊል ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በዚያ ጥናት ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በአምስቱ ዙር ውስጥ አልወለዱም። ነገር ግን አምስት ዙር የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ከክኒኑ በኋላ በልክ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ኦቫሪውን በጥቂቱ መተኮስ አለ፤ እነዚህ ባይሳኩ ከ1978 ወዲህ የመጣው ከማህፀን ውጪ የማዳቀል ሕክምና አለ። ክኒን ዛሬ ተውጦ ነገ ልጅ አይታቀፍም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ተረት ለዚህ ሕመም የተተረተ ይመስላል።

ስሙ ራሱ ያሳስታል

ሕመሙ ምን ሲሟላ «አለ» እንደሚባል ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ አልተስማሙም ነበር። በ2003 በሮተርዳም ከተማ ተሰብስበው ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ከተገኙ ይበቃል አሉ። እነዚህም ያልተስተካከለ የወር አበባ፣ የአንድሮጅን መብዛት፣ በአልትራሳውንድ የሚታዩ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው በአልትራሳውንድ «ከረጢት ታየብሽ» የተባለች ሴት ሁሉ ሕመሙ አለባት ማለት አለመሆኑን ነው። ከረጢት ያልታየባትም ነፃ ናት ማለት አይደለም። በ2012 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው የባለሙያዎች ቡድን ስሙ አሳሳች በመሆኑ እንዲለወጥ ሐሳብ አቅርቧል። በአንድ የተሳሳተ ስም የተነሳ ስንት ሴት «ኦቫሪሽ ዕባጭ ሞልቶታል» ተብላ ተስፋ ቆርጣ ከሐኪም ቤት እንደወጣች መገመት አያዳግትም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን ልጅ ያጡ ሰዎች ለረጅም ዘመን የሄዱበት መንገድ የታወቀ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ሰው በስለት የተገኘ ሕፃን ታቅፋ የምትመጣ እናት ሳያይ አይመለስም። ይህን መንገድ ማንም አይዘጋውም፤ ሊዘጋውም አይገባም። ሕክምናውና ጸሎቱም አይጣሉም። የሚጣሉት ዝምታና ሕክምና ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከሉን ሲከፍት የሕክምናው ከፍተኛ ደረጃ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥም ተጀመረ። ብዙዎቹ የዚህ ሕመም ባለቤቶች ግን እዚያ ደረጃ ሳይደርሱ፣ በክኒኑ ደረጃ ላይ ሊረዱ የሚችሉ ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች ሴት ዓመት ሞክራ ካልፀነሰች፣ 35 ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር ሞክራ ካልሆነላት መመርመር ይገባታል። የወር አበባዋ በሁለትና በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚመጣባት ሴት ግን ያን ያህል መጠበቅ የለባትም፤ ወሩ የማይመጣው እንቁላሉ ስለማይለቀቅ ሊሆን ይችላልና። ልጅ ባትፈልግም እንኳ ለብዙ ወራት የወር አበባ ሲቀር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ሄዶ ውሎ አድሮ ለካንሰር ሊያጋልጥ ስለሚችል መታየት አለባት። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የደም ስኳርና ግፊት መለካት፣ ከእርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ መጀመር ያስፈልጋል፤ ሕመሙ ያለባት ሴት ከፀነሰች በኋላም በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ ስኳር ከሌሎች ይልቅ የተጋለጠች ናትና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባልየውም ይመርመር! የወንድ ዘር ምርመራ ቀላልና ቢላዋ የማይነካው ምርመራ ነው። እሱ ሳይታይ እሷን ለወራት ክኒን ማስዋጥ ጊዜዋንም ዕድሜዋንም ማባከን ነው። «እኔ ደህና ነኝ» የሚል ባል ደህንነቱን በላቦራቶሪ ያሳይ። ሚስት ስትመረመር አብሯት የሚቀመጥ፣ እናቱ ስትጠይቅ «ሁለታችንም እየታከምን ነው» ብሎ የሚመልስ ባል ደግሞ ከክኒኑ የማይተናነስ ሥራ ሠርቷል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የብዙ ወንዶች ስም ተጠቅሷል፤ ቫሊስኔሪ፣ ስታይን፣ ሌቨንታል፣ ግሪንብላት፣ ዶኒኒ። የሚገባቸውን ምስጋና እንስጣቸው። ነገር ግን የእርግብ እንቁላል የመሰለ ኦቫሪ የነበራት ያቺ ገበሬ በስሟ አትታወቅም። ኦቫሪያቸው ግማሽ በግማሽ የተቆረጠው ሰባቱ የቺካጎ ሴቶችም፣ ሽንታቸውን የሰጡት መነኮሳትም፣ የትኛው ክኒን እንደሚሻል ዓለም እንዲያውቅ በፈቃዳቸው የተሳተፉት 750 ሴቶችም እንዲሁ። ሳይንሱ የተሠራው በእነሱ አካል ላይ ነው። እነሱ በከፈሉት ዋጋ ዛሬ «መካን» የሚለው ፍርድ ይግባኝ የሚባልበት ሆኗል። በሚቀጥለው ሠርግ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለን ስንመርቅ ያልወለዱትም ከባድ ሰዎች መሆናቸውን ብናስብ፣ ዓመቱም ሲሞላ ከሙሽራዪቱ ሆድ ላይ ዓይናችንን ብናነሳ መልካም ነው። እንቁላሉ በራሱ ጊዜ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።